ከደሴ ፒያሳ ገዝቶ ለደሴ ሙዚየም መስጠት፦ የሚጠቅመውና የሚያበላሸው

የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ሲቀነስ ደመወዝ አይነካም፤ የሚነካው ሥራ ማስኬጃው ነው። ሙዚየም ደግሞ ዕቃውን የሚያቆየው በሥራ ማስኬጃ ነው። አሸንዳ የሚጠረገው፣ አምፖል የሚቀየረው፣ ብራና የሚጠቀለልበት ጨርቅ የሚገዛው ከዚያ መደብ ነው። ስለዚህ በሩ እንደተከፈተ፣ አስጎብኚውም በቦታው እንዳለ፣ ውስጥ ያለው በርኖስ በብል ሊበላ፣ ጎራዴውም ሊዝግ ይችላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው የተጓደለ ነገር ያለ አይመስለውም።

ደሴ ላይ ሙዚየሙን ለመርዳት እጁን የሚዘረጋ አይጠፋም። ቅሬው (ዕድሩ)፣ የተማሪዎች ክበቡ፣ ለበዓል ከውጭ አገር የሚመጣው የወሎ ልጅ ሁሉ "ምን እንግዛ?" ይላል። መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ የሚገዛው ዓይን የሚሞላው ነው፦ ባነር፣ ወንበር፣ የመስታወት ሳጥን። ይህ ግምገማ ለዚያ ጥያቄ የቀረበ ነው። በፒያሳና በሰኞ ገበያ ሱቆች የሚገኙት ዕቃዎች ለቅርስ አያያዝ ምን ያህል ይሆናሉ ብለን መዝነናል። ዋጋ አልጻፍንም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ሳምንት አይቆይም።

የደሴ ሙዚየም የሚገኘው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ነው። መኖሪያ ቤት የሚሠራው ለሰው እንዲመች ነው፤ መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል፣ በሩ ነፋስ ያሳልፋል። ቅርስ የሚፈልገው ግን ጥላና ጸጥታ ነው። በዚያ ላይ ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክረምቱ ጭጋግ፣ በጋው ደረቅ ቀንና ብርዳማ ሌሊት ነው። ብራና፣ እንጨትና ቀንድ እርጥበት ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይሰበሰባሉ። የሚሰነጥቃቸው በብዛት ይህ መፈራረቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ በገባ ጊዜ ደግሞ ሙዚየሙ ተዘርፏል።

ከዚህ የተነሣ በመጀመሪያ ደረጃ የምንመክረው ግዢ ሳጥንም መድኃኒትም አይደለም፤ ፍላሽ ዲስክ ነው። የተዘረፈ ዕቃ በጉምሩክ ወይም በሐራጅ ቤት ብቅ ቢል፣ የእኛ ነው ለማለት ፎቶው፣ ልኩና መለያ ምልክቱ ያስፈልጋል። "አንድ ጎራዴ፣ ሰገባው ቆዳ" ተብሎ በመዝገብ የተጻፈ ዕቃ በዓለም ላይ ካሉ ሺህ ጎራዴዎች አይለይም። ምዝገባ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜና ጥንቃቄ ነው፤ ለበጎ ፈቃደኞች በጣም የሚስማማ ሥራ ነው።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 64 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት ፍላሽ ወይም ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ ደህና ካሜራ ያለው ስልክ፣ የ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ደርዘን እርሳስ፣ ከዕቃው ሥርና ጀርባ የሚነጠፍ 3 ሜትር ግራጫ ጨርቅ። ዕቃው ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው መስኮት አጠገብ ይቀመጣል፤ የስልኩ ካሜራ መብራት ይጠፋል። ማስመሪያውና ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት በፎቶው ውስጥ መታየት አለባቸው። ፊቱ፣ ጀርባው፣ ሁለቱ ጎኖቹ፣ ላዩና ታቹ ይነሣሉ። ከዚያ ዕቃውን ከመሰሎቹ የሚለየው ነገር ለብቻው በቅርበት ይነሣል፦ የተጠገነው ስብራት፣ የጋሻው ቀዳዳ፣ በጎራዴው ስለት ሥር ያለው ጽሑፍ። ስርቆትን የሚያጋልጠው በጣም የሚያምረው ፎቶ ሳይሆን ይህ የጉድለት ፎቶ ነው።

መጽሐፍ ሲሆን ሽፋኑ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቅጠል፣ ሥዕሎቹ በሙሉ ይነሣሉ፤ የቅጠሉ ብዛትና በአንድ ገጽ ያለው የመስመር ብዛት ይቆጠራል። የጸሐፊው ወይም የባለቤቱ ስም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመጨረሻው ቅጠልና ባዶ በተተወው ገጽ ላይ ነው፤ ባዶ ነው ብላችሁ አትለፉት። ወሎ የግእዝ ብራና ብቻ ሳይሆን የዓረብኛና የዐጀሚ (በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ) ጽሑፍም አገር ነው፤ የእነዚህ የመጀመሪያ ገጽ በቀኝ በኩል ነው። ይህን የማያውቅ መዝጋቢ መጽሐፉን ከመጨረሻው ጀምሮ ይቆጥራል፤ መዝገቡም ለዘላለም የተገለበጠ ሆኖ ይቀራል።

ሁለት የለመዱ ሰዎች በቀን 25 ዕቃ ያህል ይጨርሳሉ፤ 500 ዕቃ የ20 ቀን ሥራ ነው ማለት ነው። ለአንድ ዕቃ ከቅርበት ፎቶዎቹ ጋር 8 ፎቶ፣ አንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን ድምሩ 16 ጊጋባይት ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ዲስክ መግዛት አያስፈልግም። የፋይሉ ስም የዕቃው ቁጥር ይሁን። ፎቶውን በቴሌግራም የምትላላኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ጽሑፉ አይነበብም። አንዱ ዲስክ በሙዚየሙ ይቀመጥ፣ ሌላው ከደሴ ውጭ። ሁለቱም በአንድ መሳቢያ ከተቀመጡ አንድ ዲስክ እንደገዛችሁ ቁጠሩት።

ቁጥሩን ዕቃው ላይ በማርከር መጻፍ ወይም በፕላስተር መለጠፍ ፈጽሞ አይሆንም። ማርከር ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ የፕላስተሩ ሙጫ ይደርቅና ሲነሣ የብራናውን ወይም የቆዳውን ገጽ ይዞ ይነሣል። በነጭ የጥጥ ጥብጣብ ላይ ቁጥሩን በእርሳስ ጽፎ ላላ አድርጎ ማሰር ይበቃል። ለመጽሐፍ ደግሞ ከቅጠሉ ረዘም ያለች ነጭ ወረቀት ተጽፎባት በመካከል ትገባለች። እስክሪብቶ ቅርስ ያለበት ጠረጴዛ አጠገብ አይቅረብ።

ወደ ጨርቅ እንለፍ። ያልነጣ፣ ያልተቀለመ አቡጀዲ በደሴ ገበያ ከሚገኙት ዕቃዎች ሁሉ ለሙዚየም የሚሆን ምርጡ ነው። አቧራ ያግዳል፣ አየር ያሳልፋል፣ የእርጥበቱን መዋዠቅ ያለዝባል። ጉድለቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ለማጠንከሪያ ስታርች መቀባቱ ነው፤ ስታርች ደግሞ ለነፍሳት ምግብ ነው። ስለዚህ ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ጊዜ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ ማለስለሻና መዓዛ ያለው ዱቄት አይጨመርበት፤ ብዙ ጊዜ ይለቅለቅ። መጽዳቱን ለማወቅ አንድ ጠብታ ውኃ ጣሉበት፤ ጠብታው ከላይ ከተንከባለለ ስታርቹ አልወጣም፣ ወዲያው ከተመጠጠ ደኅና ነው። ለአንድ መካከለኛ ብራና መጽሐፍ 1 ሜትር ይበቃል፤ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ለ20 መጽሐፍ 22 ሜትር ግዙ። መጽሐፎቹ ተጠቅልለው በጀርባቸው ተኝተው ይቀመጣሉ፤ ከሦስት በላይ አይደራረቡም። ማኅደር (የቆዳ መያዣ) ያላቸውን በማንገቻው ሚስማር ላይ መስቀል ያምራል፤ ነገር ግን ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ያረጀ ጠፍር ነው፤ አንድ ቀን ይበጠሳል።

ጓንት ብዙ ሰው የሚያበረክተው ነገር ነው፤ ነጭ የጥጥ ጓንት በተለይ። ለብራናና ለወረቀት አንመክረውም። ጣት ይደነዝዛል፣ ክሩ የተነሣ ቀለም ይይዛል፣ የቅጠል ጠርዝ ይቀድዳል። በሳሙና የታጠበና በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል። ለብረትና ለነሐስ ግን ጓንት ግዴታ ነው፤ የእጅ ላብ ጨው አለው፣ በጎራዴ ላይ ያረፈ ጣት ከሳምንታት በኋላ በዝገት አሻራ ይወጣል። ለዚህ የሚሆነው የሕክምና ጓንት ነው፤ ከፋርማሲ ዱቄት የሌለውን ጠይቁ።

የፕላስቲክ ሳጥን ስትገዙ ቀለሙንና ውበቱን ትታችሁ ገልብጣችሁ ከሥሩ ያለችውን ሦስት ማዕዘን ምልክት ተመልከቱ። በውስጧ 5፣ 2 ወይም 4 ከተጻፈ ለቅርስ ይሆናል። 3 ከሆነ አትግዙ፤ ይህ ፒቪሲ ነው፣ እያረጀ ሲሄድ አሲድ ይተፋል፣ ገጹም ይጣበቃል። ቁጥር የሌለውን አሽትቱት፤ አዲስ የመኪና ወንበር ወይም የገላ መታጠቢያ መጋረጃ የሚሸት ከሆነ ተዉት። ክዳኑ በማያያዣ የሚዘጋ፣ 50 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሳጥን ለአብዛኛው ዕቃ ይመቻል። የተለመደው ስሕተት በክረምት እርጥብ የሆነን ዕቃ ቶሎ ብሎ መክደን ነው፤ እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ከቀናት በኋላ ሻጋታ ይወጣል። ሳጥኖቹ ከወለል ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበሉ፤ ወለል ላይ የፈሰሰ ውኃ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ካርቶን ርካሽ ቢሆንም አሲድ አለው፤ ሌላ ከጠፋ ውስጡ በወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል፣ ከፎይሉ ላይ በታጠበ አቡጀዲ ይለበጥ። ጋዜጣ ለመሙያ አይሆንም።

ለመደገፊያ የሚያገለግል ስፖንጅም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፍራሽ ስፖንጅ በጥቂት ዓመታት ቢጫ ሆኖ ይፈርሳል፣ ከዕቃው ጋር ይጣበቃል፤ ከቀንድ ዋንጫ ላይ ማላቀቅ ከባድ ነው። የሚሻለው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ታሽጎ የሚመጣበት ነጭ ለስላሳ መታሸጊያ ነው። ሁለቱን ለመለየት ውኃ አንጠብጥቡ፤ የሚመጥጠው የፍራሹ ነው፣ የማይመጥጠው ለቅርስ ይሆናል። ይህን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ይጥሉታል፤ ከመጣሉ በፊት ለምኖ መሰብሰብ ያለ ወጪ የሚሠራ እርዳታ ነው።

የእርጥበት መለኪያ፣ ማለትም ዲጂታል ሃይግሮሜትር፣ ከትንሿ ክብሪት ሳጥን የማይበልጥ ቢሆንም ለክፍሉ ሁሉ ዳኛ ነው። ለድብልቅ ስብስብ ከ45 እስከ 55 በመቶ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ከ65 በላይ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ ይጠበቃል። ርካሾቹ በ5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ፈትኗቸው። በጠርሙስ ክዳን ገበታ ጨው አድርጉ፣ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ጥቂት ውኃ ጨምሩበት፤ ውኃው ጨውን እንዳያሟሟው። ክዳኑንና መለኪያውን ሳይነካኩ በአንድ የሚታሸግ ላስቲክ ውስጥ ለ24 ሰዓት ተዉአቸው። መለኪያው 75 ማሳየት አለበት። 70 ካሳየ ሁልጊዜ 5 ይጨመርበታል፤ ይህን በጀርባው ጽፋችሁ ለጥፉ። ለአንድ ክፍል አንድ፣ ለዕቃ ማከማቻው ሁለት ይበቃል። ጠዋትና ከሰዓት ቁጥሩን የሚጽፍ ሰው ከሌለ ግን መለኪያው ጌጥ ነው።

ከጫማ ሳጥን የሚወጡት ትንንሽ የማድረቂያ ከረጢቶች ለሙዚየም ዋጋ የላቸውም። ለ50 ሊትር ሳጥን እስከ 1 ኪሎ ሲሊካ ጄል (በከረጢቶቹ ውስጥ ያለው እርጥበት መጣጭ ጠጠር) ያስፈልጋል፤ የላብራቶሪ ኬሚካል ከሚሸጡበት ይገኛል። ቀለም የሚቀይረውን ስትመርጡ ብርቱካናማውን ውሰዱ፤ ሰማያዊው ለጤና ጎጂ የሆነ ኮባልት አለው። እርጥበት ሲጠግብ በ110 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ይደርቅና እንደገና ይሠራል። ለጦር፣ ለጎራዴ፣ ለውጅግራ ጠመንጃ፣ ለሳንቲም ብቻ! ብራና ያለበት ሳጥን ውስጥ ከገባ ቅጠሉን አድርቆ ያጣምመዋል።

በተባይ ነገር በጎ ፈቃድ ብዙ ጉዳት ያደርሳል። ከእህል መደብር የሚገዛውን የነቀዝ እንክብል ለሙዚየም መስጠት ሰው መግደል ሊሆን ይችላል፤ የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ሠራተኛውን ይገድላል፣ ነሐስና መዳብንም ያበላሻል። ናፍታሌንም ለሰው ጤና ጥሩ አይደለም፣ ሽታው ከልብሱ አይወጣም። የሚነፋ ፀረ ተባይ በጨርቅ ላይ እድፍ ይተዋል። ይልቅ ለአይጥ የሚሸጠው ማጣበቂያ ሰሌዳ ተቆራርጦ በግድግዳው ጥግ ሲቀመጥ ጥሩ ሰላይ ነው፤ ቀን ይጻፍበትና በየወሩ ምን እንደተያዘ ይታይ። የብል ትል ወይም ቆዳና ፀጉር የሚበላው ትንሽ ጥንዚዛ ከተገኘ የተነካው ዕቃ ይፈለጋል።

ለበርኖስ፣ ለጋቢ፣ ለመሶብና ለሙዳይ መድኃኒቱ ፍሪዘር ነው። ዕቃው በወፍራም ላስቲክ ይጠቀለላል፣ አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፣ ይታሸጋል፤ ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ ላይ 14 ቀን ይቆያል። ዕቃው ከመግባቱ በፊት ፍሪዘሩ ቀዝቅዞ ይጠብቅ፤ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ነፍሳት ብርዱን ይለምደዋል። ሲወጣ ላስቲኩ ለ24 ሰዓት አይከፈት፤ ከተከፈተ ጤዛ በዕቃው ላይ ያርፋል። መብራት ጠፍቶ ቅዝቃዜው ከቀነሰ የቀኑ ቆጠራ ከአንድ ይጀምራል፤ በዚህ ላይ አቋራጭ የለም። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ሥዕል ያለበት ብራና፣ ቀንድና የዝሆን ጥርስ ፍሪዘር አይግቡ። በቋሚነት ፍሪዘር መግዛት ግን አንመክርም፤ ለሁለት ሳምንት የሚያውስ ሥጋ ቤት ወይም ሆቴል ይበቃል።

ስለ ብርሃን አጭር ነው፦ ዘመናዊው ኤልኢዲ አምፖል ጎጂውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ከሞላ ጎደል አያወጣም፤ ረጅሙ ፍሎረሰንት ያወጣል። ለብራና ሥዕልና ለጨርቅ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) በቂ ነው፤ ተገልጦ የሚታየው ገጽ በየሦስት ወሩ ይቀየር። ለመስኮት ወፍራም መጋረጃ ከሁሉም ይረክሳል፣ ከሁሉም ይሠራል።

ኮላ፣ ማስቲሽ፣ ቫርኒሽ፣ በረኪና፣ የብረት ሱፍ፣ የሞተር ዘይት አትስጡ። ከተሰጡ ሥራ ላይ ይውላሉ፤ ሥራ ላይ ከዋሉ የተወለወለው ጋሻ አሮጌ ገጹን፣ የተለጠፈው ቅጠል ሥዕሉን ያጣል። ጥገና በሕግም የዘፈቀደ ሥራ አይደለም፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና የሚካሄደው በቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ፦ መሰላልና አሸንዳ ጠራጊ እጅ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሥራ ማስኬጃው የሚያልቀው በግንቦትና በሰኔ ነው፣ አዲሱ በጀት ደግሞ በሐምሌ መጀመሪያ ቶሎ አይለቀቅም። የደሴ ክረምት የሚገባው ልክ በዚህ ባዶ ወቅት ነው። በቅጠልና በአፈር የታፈነ አሸንዳ ውኃውን ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል፤ ግድግዳው የጠጣው ውኃ በሐምሌ የክፍሉን እርጥበት ከ70 በመቶ ያሳልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ሳጥኑም ጨርቁም የሚከላከሉት የተወሰነ ነው። ቅሬ ወይም ክበብ የሆናችሁ በግንቦት አንድ ቅዳሜ ያዙለት፦ አሸንዳው ይጠረግ፣ መውረጃው ቱቦ በባልዲ ውኃ ይፈተን፣ የቆርቆሮው የተነሣ ሚስማርና ያረጀ ጎማው ይታይ፣ ከግድግዳው ሥር ያለው ቦይ ይከፈት። በመስከረም አንድ ጊዜ ይደገም። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ልምድ ያለው ቆርቆሮ ሠራተኛ ይሁን፣ የቀራችሁት ባልዲ አቀብሉ።

ስጦታው ከመገዛቱ በፊት ለሙዚየሙ ዝርዝሩን አሳዩና የሚፈልጉትን እነሱ ያስምሩበት። ሲገባ በሞዴል 19 (የመንግሥት ንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይመዝገብ፤ ቅጂውን ያዙ። ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ሳጥን በመሥሪያ ቤቱ ንብረትነት ስለማይታወቅ ባለሙያው ሲቀየር ወደ ሌላ ቢሮ ሊሄድ ይችላል። ጥሬ ገንዘብ ከሆነም ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አትስጡ። ገቢ የሆነ ገንዘብ መሥሪያ ቤቱ ያለ በጀት ፈቃድ ስለማይነካው፣ አቡጀዲውን ሐምሌ ላይ የሚፈልግ ሙዚየም ብሩን ሐምሌ ላይ አያገኘውም። ጨርቁን ራሱን፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሜትሩ ተጽፎበት አስረክቡ።